መርፌው እምቢ ያለው ለምንድነው? የቁንጭር ጂን ፍለጋ ማስታወሻ ከጎጃም

መስከረም መጨረሻ

የሥነ ምግባር ኮሚቴው ፈቃድ በመጨረሻ እጃችን ገባ። ስለዚህ ማስታወሻውን ከዛሬ ልጀምር። ለጆርናል የሚሆን ጽሑፍ አይደለም። ሥራው እንዴት እንደሚሄድ፣ የት እንደሚጎተት፣ ምን እንዳናደደኝ በየጊዜው የምጭርበት ነው።

ጥያቄው አጭር ነው። በእኛ በጎጃም ደጋ፣ ገደልና ቋጥኝ ባለበት አካባቢ፣ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ቁስል የያዘው ሰው አይጠፋም። ሆስፒታል የደረሰው መርፌ ይታዘዝለታል። አንዱ ድኖ ይሄዳል። ሌላው ያን ሁሉ መርፌ ተወግቶ ቁስሉን እንደያዘ ይመለሳል። ያኔ ካርዱ ላይ «መድኃኒት የተላመደ» ተብሎ ይጻፍና ነገሩ ይዘጋል። እውነት ተላምዷል? ወይስ ሌላ ነገር ነው? ይህንን በጂን ደረጃ ለማየት ነው የተነሣነው።

ነገሩን ለማያውቅ ትንሽ ልበል። ቁንጭርን የሚያመጣው ሌይሽማኒያ የሚባል ባለ አንድ ሕዋስ ጥገኛ ነው። በኢትዮጵያ ደጋ ዋናው ዝርያ ሌይሽማኒያ ኤትዮፒካ ነው፤ ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተሰየመው በ1973 እ.ኤ.አ. ነው። ማደሪያው ሽኮኮ ነው። ከሽኮኮ ወደ ሰው የምታሻግረው የአሸዋ ዝንብ የምንላት፣ ከወባ ትንኝ በጣም የምታንስ፣ ድምፅ የሌላት ነፍሳት ናት። አብዛኛው ሰው ላይ አንድ ወይም ጥቂት ቁስል ሆኖ ይቀራል፤ ዓመታት ወስዶም ቢሆን ራሱ የሚሽር አለ። አንዳንዱ ላይ አፍንጫና ከንፈር ይይዛል። ጥቂት ሰዎች ላይ ደግሞ ቆዳውን ሁሉ ያዳርሳል፣ እብጠቱ ሥጋ ደዌ ይመስላል። በዚህ ምክንያት ሥጋ ደዌ ነው ተብሎ የተገለለም፣ የማይሆነውን መድኃኒት የዋጠም ሰው አለ። ለመርፌ አስቸጋሪው ይህ ሦስተኛው ዓይነት ነው።

ካላዛርም የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ የእኛ አገር ሰው ለሰሊጥ አጨዳ መተማና ሁመራ ወርዶ ይዞት የሚመለሰው። ግን ያኛው ዝርያው ዶኖቫኒ ነው፣ ጉበትና ጣፊያ ውስጥ ነው የሚገባው። የእኛ ሥራ ቆዳው ላይ ነው።

ኅዳር፣ ከሚካኤል በኋላ

መንገዱ ተከፈተና ገጠር ወጣን።

ጤና ጣቢያው ከገደሉ አፋፍ ብዙም አይርቅም። ከጀርባው ቋጥኝ አለ፣ ቋጥኙ ላይ ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የሚሞቁ ሽኮኮዎች ይታያሉ። ካርታ አያስፈልግም። ሽኮኮ ያለበትን ቋጥኝ ካገኘህ ከሥሩ ያሉትን ቤቶች መጠየቅ ነው።

አንዲት እናት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ቁስሉ ጉንጩ ላይ ነው።

«እማማ፣ መቼ ጀመረው?»

«ያምናው ክረምት ነው ልጄ። ጸበል ወሰድነው፣ ቀለል አለው፣ ተመልሶ ወጣ።»

«ሌላስ ያደረጉለት ነገር አለ?»

«ያው ያገር መድኃኒት ነዋ። እንግዲህ አትቆጣኝ።»

ምን ብዬ እቆጣለሁ? ሆስፒታል ለመሄድ ልጁን ይዞ መሳፈር፣ ከተማ ቤት መከራየት፣ ለሳምንታት በየቀኑ መወጋት አለበት። ያን ጊዜ እሳቸውን ማን ያርስላቸዋል?

ሌላ አባት ደግሞ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው አሉኝ። ወፏ እንኳ ጥፋት የለባትም። ግን ግምቱ እንዲሁ የሚጣል አይደለም፤ ዋሻውን የሌሊት ወፍም ሽኮኮም የአሸዋ ዝንብም ይኖሩበታል። ሰው ዋሻው ጋ ሲያመሽ እንደሚያዝ ልብ ብሏል። ጥፋተኛዋን ነው የሳተው።

አወሳሰዱን ልንገራችሁ። ናሙና የሚወሰደው ከቁስሉ መሐል አይደለም። መሐሉ የሞተ ሥጋና ባክቴሪያ ነው። ጥገኛው ያለው ጠርዙ ላይ፣ ቆዳው ቀልቶ ያበጠበት ጋ ነው። ጠርዙን በአልኮል ማጽዳት፣ ደም እንዳይበዛ በሁለት ጣት ጥብቅ አድርጎ መያዝ፣ በቀጭን መርፌ ጥቂት ፈሳሽ መምጠጥ። ከዚያ ጠብታው ይከፋፈላል። ትንሹ መስታወት ላይ ተቀብቶ ጊምሳ በሚባል ማቅለሚያ ይቀለማል፣ ትንሹ ጥገኛው የሚያድግበት የካልቸር ቱቦ ውስጥ ይገባል፣ ትንሹ ለዲኤንኤ ማጣሪያ ወረቀት ላይ ይደርቃል።

ልጁ አለቀሰ። ወዲያው ደግሞ ዝም አለና ማይክሮስኮፑን ልይ አለ። አሳየሁት። ማክሮፋጅ በሚባለው፣ ተሕዋስን በሚውጠው የሰውነት መከላከያ ሕዋስ ውስጥ የታጨቁት ክብ ክብ ነገሮች፣ እያንዳንዳቸው ትልቅና ትንሽ ሁለት ወይን ጠጅ ነጥብ ያላቸው፣ እነሱ ናቸው። «እኒህ ናቸው ፊቴን የበሉት?» አለ። አዎ፣ እነሱ ናቸው።

ታኅሣሥ

የጥንቸል ወር ነው ይሄ።

ጥገኛውን ለማሳደግ ኤንኤንኤን የሚባል ማሳደጊያ እንጠቀማለን። ከመቶ ዓመት በላይ ያገለገለ ነገር ነው፤ አጋርና የጥንቸል ደም፣ በቃ። ደሙ እንዳይረጋ ገና ትኩስ እያለ በመስታወት ዶቃ ይናጣል። ስለዚህ ጥንቸል ማርባት የላብ ሥራ ሆኗል። ጎረቤቶች ግራ ገብቷቸዋል። እኛ ጋ ጥንቸል አይበላ፣ ለገበያ አይወጣ፣ ታዲያ ለምን ይቀለባል? አንዱማ በቀጥታ ጠየቀኝ፤ «ለፈረንጅ ልትሸጠው ነው?» ከጆሮዋ የደም ሥር ጥቂት ደም እንደምንወስድና እንደማትሞት ነገርኩት። ያመነኝ አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጣጣ ብርዱ ነው። ጥገኛው ዝንቧ ሆድ ውስጥ የሚይዘውን መልክ ይዞ እንዲያድግ 26 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል። መጽሐፍ ላይ ማቀዝቀዣ ያለው ኢንኩቤተር ተጠቀሙ ይላል፤ የጻፈው ሰው የደብረ ማርቆስን የታኅሣሥ ሌሊት አያውቅም። እኛ የምንፈልገው ማሞቂያ ነው። መብራት ሲጠፋ ቱቦዎቹን ፎም ሳጥን ውስጥ፣ ሙቅ ውኃ ከሞላነው ጀሪካን ጎን እናስቀምጣቸዋለን። ቴርሞሜትሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ ሲቀዘቅዝ ውኃው ይቀየራል። የጥበቃው ጋሼ ሌሊት ሌሊት እያዩልኝ ነው፣ እግዜር ይስጣቸው።

ሦስተኛው ሻጋታ ነው። ክፍት ቁስል ላይ ባክቴሪያውም ፈንገሱም ሞልቷል። አንቲባዮቲክ ይጨመራል፣ ባክቴሪያው ይሞታል፣ ፈንገሱ ይስቃል። ኤትዮፒካ ደግሞ ከእህት ዝርያዎቹ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፤ እሱ ሊነቃ ሲል ሻጋታው ቱቦውን ሞልቶታል። ብዙ ቱቦ ጣልን። ይህ በየትኛውም ላብ ያለ ነው፣ አያስደንቅም፣ ግን ያቃጥላል። ከቱቦው ጀርባ ሰው አለ። ያን ሰው ተመልሼ ልውጋህ ማለት ቀላል አይደለም።

ገና ዋዜማ

ዋኙ! ከቱቦዎቹ አንዱን ጠብታ መስታወት ላይ አድርጌ ሳየው በጅራታቸው እየተገፉ ይተረማመሳሉ። የልጁ ናሙና ነው።

ጥር፣ ከጥምቀት በኋላ

ያደገው ሁሉ እንዳይጠፋ መቀዝቀዝ አለበት። ለዚህ ፈሳሽ ናይትሮጅን ያስፈልጋል፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ። ከየት ይመጣል? ከላም! እውነቴን ነው። ለከብት ሰው ሠራሽ ማዳቀል የኮርማ አባላዘር የሚቀመጠው በዚሁ ናይትሮጅን ስለሆነ፣ በክልሉ ናይትሮጅን በደንብ የሚያውቁት የእንስሳት ባለሙያዎች ናቸው። አንድ አዳቃይ ተዋወቅሁ። ታንኬን ከእሱ ታንክ ጋር አብሮ ያስሞላልኛል። ቁንጭርን በብርድ ለማከምም የሚጠቅመው ይኸው ፈሳሽ ነው፤ ትንሽ ቁስል ላይ ይነካና ጥገኛውን ከነሥጋው ያቀዘቅዘዋል። ናይትሮጅን ሲጠፋ ላሟም ሰውም እኔም እኩል እንጠብቃለን።

ከዚያ ፒሲአር፣ ዲኤንኤን የማባዣው ዘዴ። መጀመሪያ ጥገኛው መኖሩን የምናረጋግጠው በኪኔቶፕላስት ዲኤንኤ ነው። ይህ ጥገኛ ከዋናው ጂኖሙ፣ ማለትም ከሙሉ የዲኤንኤ ስብስቡ፣ ሌላ ቀለበት ቀለበት የሆነ ትንንሽ ዲኤንኤ በአንድ ሕዋስ ውስጥ እስከ 10,000 ቅጂ ይይዛል። ስለዚህ ናሙናው ውስጥ ጥቂት ጥገኛ ቢኖር እንኳ ፒሲአሩ ያገኘዋል። ማይክሮስኮፕ የለም ያለውን ይሄ አለ የሚልበት ጊዜ አለ።

ዝርያውን ለመለየት ዲኤንኤው ላይ አይቲኤስ1 የሚባለውን ቦታ አባዝተን ሄ-ሦስት በሚባለው ኢንዛይም እንቆርጠዋለን። ቁርጥራጩ ጄል ላይ፣ ዲኤንኤን በርዝመቱ በሚለየው ዝልግልግ ነገር ላይ፣ እንደየዝርያው ይለያያል። ዶኖቫኒና ሜጀር የሚባለው ዝርያ በግልጽ ይታወቃሉ። ችግሩ ኤትዮፒካና ትሮፒካ የሚባለው ሌላ ዝርያ ጄል ላይ በጣም መመሳሰላቸው ነው። ለእነሱ የሚያዋጣው የዲኤንኤውን ፊደል አንድ በአንድ ማንበብ ነው። ላክን፣ ተነበበ፣ ኤትዮፒካ ናቸው። እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር የለም፣ አልፌዋለሁ።

የካቲት፣ ጾም ሲገባ

ወደ ዋናው ጉዳይ።

መርፌው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነው። መሠረቱ አንቲሞኒ ነው፤ ድሮ ኩል ይሠራበት የነበረው ማዕድን ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር። ከአንቲሞኒ የተሠራ የሌይሽማኒያ መድኃኒት በሕንድ ከ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰው አድኗል። የዛሬው መርፌም ቢሆን የ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ልጅ ነው። አርጅቷል፣ ግን እኛ ጋ አሁንም እሱ ነው ያለው።

የሚሠራው እንዲህ ነው። የሚወጋው አንቲሞኒ አምስት ቫለንስ፣ ማለትም ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር የመያያዝ አቅም፣ ያለው ነው፤ እሱ ብቻውን ያን ያህል አይገድልም። ሰውነት ውስጥ ወደ ሦስት ቫለንስ ሲቀየር ነው መርዝ የሚሆነው። ይሄ መርዝ ወደ ጥገኛው የሚገባበት በር አለ፣ ኤኪውፒ1 ይባላል። ገብቶ ጥገኛው ራሱን ከጉዳት የሚጠብቅበትን ትሪፓኖታይን የሚባል ኬሚካል ያምሰዋል። ጥገኛውም ዝም አይልም። በሩን ማጥበብ ወይም መዝጋት ይችላል። ወይም ኤምአርፒኤ በሚባል ፕሮቲን የገባውን መርዝ ጠቅልሎ ውስጡ ባለ ከረጢት ያሽገዋል። የምንፈልጋቸው ጂኖች በዋናነት እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

ሕንድ ላይ የሆነውን ካየህ ሥራው ለምን እንደሚያጓጓ ይገባሃል። ቢሃር በሚባለው ግዛት አንድ ወቅት በዚህ መርፌ የማይድነው የካላዛር ሕመምተኛ ከሚድነው በልጦ ነበር። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት 204 የዶኖቫኒ ጂኖሞችን አነበበና መድኃኒቱን በለመደው ቡድን ውስጥ ኤኪውፒ1 ላይ ሁለት ፊደል ተጨምሮ አገኘ። ሁለት ፊደል ብቻ! ከዚያ በኋላ ያለው ንባብ ሁሉ ይዛባል፣ በሩም አይሠራም። ለምን እዚያ? አንዱ መላ ምት የጉድጓድ ውኃው ውስጥ ያለው አርሴኒክ ነው። አርሴኒክ የአንቲሞኒ ቅርብ ዘመድ ነው፤ ሰው ለዓመታት ሲጠጣው ጥገኛውም ሳይታከም ለምዶ ሊሆን ይችላል የሚል ነው።

ስለዚህ የእኛዎቹን ኤኪውፒ1 እናንብብ አልን። ጂኑ አጭር ነው፣ 950 ፊደል ገደማ። ግን የሌይሽማኒያ ጂኖም 60 በመቶ ያህሉ ጂ እና ሲ የሚባሉት ፊደሎች ነው፣ እነዚህ ደግሞ ጠበቅ ብለው ነው የሚያያዙት። ተራ ፒሲአር ላይ ዲኤንኤው በደንብ አይላቀቅም፣ ጄሉ ላይ ጭረት ጭረት ብቻ ይታያል። ዲኤንኤውን ለማላቀቅ የሚረዳ ዲኤምኤስኦ የሚባል ኬሚካል ትንሽ ጨመርንበት፣ የመነሻውን ሙቀት ከፍ አደረግን፣ የጂኑ መስመር ጥርት ብሎ ወጣ። ለሚሠራ ሰው ምክሬ፦ ኪት ከመቀየርህ በፊት ዲኤምኤስኦ ሞክር።

መጋቢት መጀመሪያ

ንባቡ መጣ። ከማመሳከሪያው፣ ማለትም ኤል147 ከተባለው የኤትዮፒካ ጂኖም፣ የሚለዩ ፊደሎች አሉ። ቡና ላይ ሆነን ሳየው ልቤ መታ። አብሮኝ የሚሠራው ጓደኛዬ ግን ቀዝቃዛ ሰው ነው። «የዳኑት ላይስ?» አለኝ።

የዳኑት ላይም አሉ። እነዚያው ፊደሎች፣ እዚያው ቦታ። ስለዚህ የመድኃኒት መላመድ ምልክት አይደሉም፤ የእኛ አካባቢ ጥገኛ ከማመሳከሪያው የሚለይበት የራሱ መልክ ነው። ብዙ ሰው ጂን አንብቦ፣ ልዩነት አይቶ፣ «ሚውቴሽን ተገኘ» ብሎ ይሮጣል። የዳነው ሰው ጥገኛ አጠገቡ ካልተቀመጠ ያ ልዩነት ምንም አይናገርም። ካልዳኑት ብቻ ናሙና ሰብስቦ መድኃኒት የተላመደ ጂን አገኘሁ ማለት ለእኔ ቀልድ ነው።

የሕንዱ ዓይነት መዛባትም አላየንም። በሩ ሙሉ ነው።

መጋቢት አጋማሽ

ግን ጂን ሳይበላሽም መላመድ አለ።

ይሄ ጥገኛ እንደኛ አይደለም። በእኛ ሕዋስ ውስጥ ጂኖች በየራሳቸው ይከፈታሉ ይዘጋሉ። ሌይሽማኒያ ግን ጂኖቹን በረጅሙ ደርድሮ አንድ ላይ ነው የሚያነባቸው። አንዱን ጂን ብቻ አብዛልኝ ማለት ሲፈልግ ጂኑን ራሱን ያባዛዋል፤ አንዳንዴ ክሮሞሶሙን ሙሉ ይጨምራል። ክሮሞሶሞቹ 36 ናቸው፣ ቅጂያቸው ከአንዱ ናሙና ወደ ሌላው ይለያያል። ሰው ላይ ቢሆን አንድ ትርፍ ክሮሞሶም ትልቅ ነገር ነው። እሱ ግን ኑሮው ነው። ክሮሞሶም 31 ማ ሁልጊዜ ለማለት ይቻላል ትርፍ ቅጂ አለው፤ ኤኪውፒ1 የሚገኘውም እዚያው ላይ ነው። ኤምአርፒኤ ደግሞ 23 ላይ ነው።

ስለዚህ ፊደል ማንበብ ብቻ አይበቃም፣ ቅጂ መቁጠር ያስፈልጋል። ለዚህ ሚንአየን የሚባለውን፣ ዲኤንኤን በጥቃቅን ቀዳዳ አሳልፎ የሚያነብ የናኖፖር መሣሪያ ተዋስን። ኪስ ውስጥ የሚገባ፣ ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ነው። ውስጡ የሚገባው ፍሎው ሴል ግን ውድ ነው፣ ቀዝቃዛ ቦታ ነው የሚቀመጠው። ከአገር ውጭ መጥቶ ጉምሩክ ላይ ሲቆይ የምታድረው ቁጭ ብለህ ነው። ደርሶን ስንፈትሸው የሚሠሩት ቀዳዳዎች ከ800 በላይ ነበሩ። አምራቹ ዋስትና የሚሰጠው ለዚያን ያህል ነው። ተመስገን።

በቀጥታ ከቁስል የተወሰደ ናሙና ለዚህ አይሆንም። የሰው ጂኖም 3 ቢሊዮን ፊደል፣ የጥገኛው 33 ሚሊዮን ገደማ ነው። ከቁስል የመጣ ዲኤንኤ ብታነብ የምታነበው ሰውየውን ነው። በካልቸር ያደገው ነው የሚሆነው። እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ጥገኛው ቱቦ ውስጥ ሲቆይ የክሮሞሶም ቅጂውን ይቀያይራል። ይሄ ዶኖቫኒ ላይ በደንብ ታይቷል። በሽተኛው ቆዳ ውስጥ የነበረውና ቱቦ ውስጥ የምትቆጥረው አንድ ላይሆኑ ይችላሉ። ስለዚህ ብዙ ሳይገለበጥ፣ ገና እንዳደገ የቀዘቀዘውን ነው ያነበብነው።

ሩጫው ሁለት ሦስት ቀን ይወስዳል። ዩፒኤስ፣ ጀነሬተር፣ ተረኛ። ሌሊት ላይ መብራት ድርግም ሲል ሁላችንም ከያለንበት ተነሥተን መሣሪያውን ነው ያየነው። አረንጓዴዋ መብራት አልጠፋችም።

መጋቢት መጨረሻ

ኢንተርኔት እንዳለ ማመሳከሪያ ጂኖሙን ማውረድ ነው፣ ነገ ላይኖር ይችላል። ከዚያ ሥራው የኮምፒውተር ፕሮግራሞች ነው፤ ሚኒማፕ2 ንባቡን ከማመሳከሪያው ጋር ያስተካክላል፣ ሳምቱልስ ይደረድራል፣ ክሌር3 ልዩነቱን ይለቅማል። ቅጂ የሚቆጠረው አንድ ቦታ ላይ ስንት ንባብ እንደተደራረበ በማየት ነው። ኤምአርፒኤ ጋ ንባቡ ከግራና ከቀኝ ጎረቤቶቹ በልጦ ከቆመ ጂኑ ተባዝቷል ማለት ነው።

አልቆመም። መርፌ እምቢ ያላቸው ሰዎች ናሙናም ላይ፣ የዳኑትም ላይ፣ ሜዳ ነው።

ድቅልም ፈትሸናል። ቀደም ባሉ ዓመታት ኤትዮፒካ ተብለው የተቀመጡ አንዳንድ የኢትዮጵያ ናሙናዎች በኋላ ሲነበቡ ከዶኖቫኒ ወይም ከትሮፒካ ጋር የተዳቀሉ ሆነው ተገኝተዋል። ድቅል ከሆነ በሁሉም ክሮሞሶም ላይ ሁለት ዓይነት ፊደል እኩል ለእኩል ይታያል። የእኛዎቹ ላይ ይህ የለም።

ሌላ የቀረ ነገር ቢኖር ቫይረሱ ነው። አንዳንድ ኤትዮፒካ ውስጡ የአርኤንኤ ቫይረስ ይይዛል፣ ጥገኛው ራሱ ታሟል ማለት ነው። ደቡብ አሜሪካ ላይ በሌላ ዝርያ ውስጥ ያለ ተመሳሳይ ቫይረስ ከሕክምና አለመሳካት ጋር ተያይዟል። እኛ የያዝነው ዲኤንኤ ስለሆነ እሱን አያሳይም። ሌላ ሥራ ነው።

ሚያዝያ፣ ከፋሲካ በኋላ

እስካሁን ከሠራነው ሁሉ ይህ ሳምንት በልጦብኛል። ላብ ውስጥ እንኳ አልነበርኩም። ካርድ ክፍል ነበርኩ።

ሐሳቡ የመጣው ከጓደኛዬ ነው። በሩ ክፍት ከሆነ፣ ከረጢቱም ካልበዛ፣ ታዲያ መርዙ መግባቱን በምን አወቅን? ሰውየው ስንት ተወጋ?

የተጻፈው መጠን በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 20 ሚሊ ግራም አንቲሞኒ ነው። 50 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን 1,000 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 10 ሚሊ ሊትር ይወጋል። ይህ ብዙ ፈሳሽ ነው፣ ጡንቻ ውስጥ ሲገባ ያማል። በየቀኑ ነው፣ ለሳምንታት። መገጣጠሚያ ያሳምማል፣ ልብንና ከጨጓራ ጀርባ ያለውን ቆሽት ሊነካ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል።

አሁን ካርዱን ግለጠው። «አልዳነም» የተባለው ሰው ክብደቱ አልተጻፈም። ሌላው ተጽፏል፣ ግን የተሰጠው መጠን ሲካፈል ከሚገባው በታች ነው። ድሮ በቀን ከ850 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ የሚል ጣሪያ ነበር፤ ከተነሣ ቆይቷል። እጅ ግን የለመደውን ይጽፋል። 70 ኪሎ የሚመዝን ገበሬ 850 ቢወጋ ለኪሎ የሚደርሰው 12 ብቻ ነው። አንዱ ደግሞ መሐል ላይ መድኃኒቱ አልቆ አቋርጧል። አንዱ መንገድ ተዘግቶበት ቀርቷል። አንዱ ራሱ ነግሮኛል፤ «ጤፉ ሊረግፍብኝ ሆነ፣ ጥዬ ወጣሁ» አለኝ። በትክክለኛው መጠን፣ እስከ መጨረሻው ተወግቶ ያልዳነ ሰው ስፈልግ ቁልሉ በጣም ሳሳ።

ዳነ የተባለውም ቢሆን ይጣራ። ቁስሉ መርፌው ካለቀ በኋላም ለወራት መሻሩን ይቀጥላል፣ ስለዚህ የመጨረሻዋ መርፌ ቀን ላይ «አልዳነም» ብሎ መጻፍ ችኮላ ነው። ቶሎ የተጻፈ «ዳነ» ደግሞ በኋላ የሚያገረሽ ሊሆን ይችላል። ቢያንስ ሦስት ወር ቆይቶ ማየት፣ ከዚያ ስድስት ወር ላይ መድገም ነው ደንቡ። ከሩቅ የመጣ ሰው ለቀጠሮ ብቻ ተሳፍሮ ይመጣል? አይመጣም። ካርዱ ባዶ ይሆናል፣ ባዶው ካርድ «መድኃኒት የተላመደ» ቁልል ውስጥ ይገባል።

የሐኪሞቹ ጥፋት ነው እያልኩ አይደለም። ወረፋው ውጭ ድረስ ነው። ግን ተሕዋሱ ላይ የምናላክከው ነገር ግማሹ የኛው ነው። በጂን መሣሪያ ገንዘብ ከማፍሰስ በፊት ሚዛን መግዛት ይቀድም ነበር።

ግንቦት

አሁን በሽተኛውን ትተን ጥገኛውን ብቻውን እንጠይቀው። ይህ የሚሆነው በማክሮፋጅ ነው።

ቱቦ ውስጥ በጅራቱ የሚዋኘውን ጥገኛ ላይ መርፌውን ጠብ ብታደርግበት የምታገኘው መልስ ያሳስትሃል። እንዲያ ሆኖ ሳለ አምስት ቫለንስ ያለው አንቲሞኒ እምብዛም አይነካውም። ቢሞት እንኳ የገደለው መድኃኒቱ ውስጥ ያለው ማቆያ ኬሚካል ሊሆን ይችላል፤ ይህ ከዚህ በፊት ተመራማሪዎችን አሳስቷል። ትክክለኛው መንገድ ቲኤችፒ-1 የሚባሉትን፣ ወደ ማክሮፋጅ የሚለወጡ የሰው ሕዋሳት አሳድጎ፣ ጥገኛው እንዲገባባቸው አድርጎ፣ ከዚያ መድኃኒቱን በተለያየ መጠን መስጠት ነው። ሙቀቱን 34 ዲግሪ ገደማ አደረግነው፤ ቆዳ ከሆድ ዕቃ ይቀዘቅዛልና ኤትዮፒካም የለመደው ያንን ነው። ከዚያ ቀለም ቀብቶ፣ በየሕዋሱ ውስጥ ስንት እንደቀረ በዓይን መቁጠር። ዓይኔ ጠፋ።

መጠናቸው ጎድሎ «አልዳኑም» የተባሉት ሰዎች ጥገኛ ላይ መድኃኒቱ ሠራ። ከዳኑት ሰዎች ጥገኛ የሚለይበት ነገር የለም። ይሄን ስጠብቀው ነበር፣ ግን በዓይኔ ሳየው ሌላ ነው።

አንዱ ግን ተለየ። በሽታው ቆዳውን ሁሉ ያዳረሰው ሰው ናሙና ነው። ክብደቱ ተመዝኗል፣ መጠኑ ልክ ነው፣ አንድ ቀን አላቋረጠም። የእሱን ጥገኛ ለመግደል ከሌሎቹ በግልጽ የበለጠ መድኃኒት ያስፈልጋል። ደጋግመን አየነው፣ ያው ነው። የዚህ ሰው ጥገኛ ኤኪውፒ1 ሙሉ ነው፣ ኤምአርፒኤው አልበዛም። ስለዚህ መላመዱ ካለ፣ በእነዚህ በሁለቱ በኩል አይደለም።

ሌላም አለ። በዚህ ዓይነት በሽታ የሰውየው መከላከያ ጥገኛውን ማየት ራሱ ያቆማል። አንቲሞኒ ብቻውን አይገድልም፣ የሰውነትን እገዛ ይፈልጋል። ቱቦ ውስጥ ያየሁት ልዩነት ባይኖር ኖሮ ሁሉንም በዚህ እዘጋው ነበር።

ሰኔ፣ ዝናቡ ሲከብድ

ከሆስፒታሉ ጋር ተቀመጥን። ካርዱ ላይ የሚጨመሩት ተስማምተናል፦ ክብደት፣ በየቀኑ በእርግጥ የተሰጠው መጠን፣ የተዘለለ ቀንና ምክንያቱ። «መድኃኒት የተላመደ» የሚለው የሚጻፈው መጠኑ ልክ ሆኖ፣ ጊዜው ተሞልቶ፣ ሦስት ወር ቆይቶ ቁስሉ ካልሻረ ብቻ ነው። አንዲት ነርስ «ይሄን ሁሉ ማን ይጽፋል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ ቅጹን አሳጠርነው፤ አንድ መስመር ሆነ።

ልጁ አንድ ቁስል ብቻ ስለሆነ በናይትሮጅን ታክሟል። አያቱ ደወሉ። ቆዳው ጠቁሯል፣ ግን ደርቋል አሉ።

ቆዳው ሁሉ የተያዘው ሰው ሚልቴፎሲን ተጀምሮለታል፣ የሚዋጥ ነው። እሱም የራሱ በር አለው፤ ክሮሞሶም 13 ላይ ባለ ሌላ ጂን ነው የሚገባው። ከመጀመሩ በፊት የወሰድነው ናሙና ናይትሮጅን ውስጥ ነው። መስቀል ሲያልፍ ሲመጣ እንደገና እንወስዳለን፣ ቁስሉ ካለ። ከዚያ ሁለቱን የዚያኑ ሰው ጂኖሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ምን እንደተቀየረ ማየት ነው። ፍሎው ሴሉን ካሁኑ አዝዣለሁ፣ ጉምሩክ ስለማይታመን።